መርዶ ነጋሪው ለቅሶ ይድረስ

ለክቡር አቶ ያሮን
የሰፈራችን የስፖርትና የጤና ማኅበር ሥራ አስኪያጅ
ረሆቮት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ፣ ለውድ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ መግቢያ ላይ ውሃ ሳይጠይቅ ዓመቱን ሙሉ ለምልሞ ለሚኖረው የፕላስቲክ አበባ የማያቋርጥ ጤና እመኛለሁ። ከውጭ አገር ዕረፍትዎ በደኅና መመለስዎን ጸሐፊዎ ጋልያ ስለ ነገረችኝ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። እርስዎ በሌሉበት ወር አራት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ አራቱንም ጊዜ ከአበባው ጋር ብቻ ተያይቼ ስለ ተመለስኩ ናፍቆቴ የዋዛ እንዳይመስልዎት። ጤናዎንም የተመኘሁት ለወጉ ያህል አይደለም፤ ጤነኛ መሆንዎን አጥብቄ እፈልገዋለሁ፣ ምክንያቱንም ወደ መጨረሻው አስረዳለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌ ቢያስገርምዎ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የራስዎ ነው። ባለፈው በላኩልን ወረቀት ግርጌ «በሚመችዎት ቋንቋ ይጻፉልን» የሚል ቃል በስድስት ቋንቋ ታትሞ አየሁ። አማርኛውም አለበት፣ ያውም ተገልብጦ ታትሞ። እኔም ወረቀቱን አዙሬ አነበብኩና አመንኩ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ደግሞ በገበያው ሰሌዳና በአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ለጥፌው ሰው ሁሉ እንዲያነብልኝ ነው፤ በየምሰሶው ወረቀት መለጠፍ ማኅበርዎም የሚወደው ሥራ ስለ ሆነ ቅር አይልዎትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ የእኛ ሰዎች። እኔ ደጃዝማችነት አልጠየቅሁም፤ የምጠይቀው የአንድ አዳራሽ በር እንዲከፈትና የአንዲት ሴት ፎቶ ከምሰሶ ላይ እንዲወርድ ብቻ ነው።

ስሜ በለጠ መኩሪያ ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1991 ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከአዲስ አበባ ስመጣ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ዛሬ ኀምሳ ሰባት ሞልቶኛል። ከሰዓት በኋላ ቂርያት ቫይዝማን ውስጥ በአንድ መጋዘን ካርቶን እደረድራለሁ። እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ግን የማኅበርዎ በጎ ፈቃደኛ ነኝ፣ ወይም ነበርኩ፤ የቱ ትክክል እንደ ሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

ከአራት ዓመት በፊት ሐኪም ስኳር እንዳለብኝ ነግሮኝ «ተንቀሳቀስ» ሲለኝ፣ ያለ ጉዳይ ለብቻ መንገድ ለመንገድ መሄድ የእብድ ሥራ መስሎ ስለ ታየኝ ሁለት ጎረቤቶቼን ይዤ ወጣሁ። ሦስታችን ስድስት፣ ስድስቱ አሥራ ሁለት ሆንን። ማኅበርዎም ይህን አይቶ አዳራሽ ሰጠን፤ እኔንም አርባ ሰዓት አስተምሮ በጀርባው «የጤና ባለአደራ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ካናቴራ አለበሰኝ። ለዚህ ያለ ምንም ቀልድ አመሰግናለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋናዎች ግን እንደየሁኔታቸው ይውሰዷቸው።

ቡድኑ እያደገ ሄዶ ሃያ አንድ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ደረሰ። የሁሉም ታላቅ አባባ አምባው ናቸው፤ በመታወቂያቸው ሰማንያ አራት ዓመታቸው ሲሆን በራሳቸው ቆጠራ ግን ከዚያም ያልፋሉ። ወንበር ላይ ተቀምጠን እጅ እናነሣለን፣ እግር እንዘረጋለን፣ ኳስ እንቀባበላለን፣ ከዚያም አዳራሹን አሥራ አምስት ጊዜ እንዞራለን። በመጨረሻ ሁሉም ስኳሩን ይለካና ቁጥሩ የከፋበትን ሰው ተሰብስበን እንሰድበዋለን። ይህኛው በአርባው ሰዓት ትምህርት ውስጥ አልነበረም፤ እኛ የጨመርነው ነው፣ ከሁሉም ይልቅ የሠራውም እሱ ነው።

ይህ ደብዳቤ ከሁሉም በላይ ስለ እትዬ ዋጋዬ ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ የመስኮታቸውን መዝጊያ አውርደው ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጡ። የልጅ ልጃቸው ሊኖይ፣ ያኔ ተማሪ ነበረች፣ ዛሬ ወታደር ናት፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁማ ዕብራይስጥ እየቀላቀለች «ዶድ በለጠ፣ ሳብታ፣ አያቴ፣ ከቤት አትወጣም፣ ዜ ሎ ቤሰደር፣ ደኅና አይደለም፤ እባክዎ እርስዎ ይንገሯት» አለችኝ። ሄጄ ነገርኳቸው፤ አልሰሙኝም። በሳምንቱ አባባ አምባው ሄደው ተቆጧቸውና እትዬ ዋጋዬ መጡ። የመጀመሪያውን ወር ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ተመለከቱን። በሁለተኛው ወር አንድ እጅ አነሡ። ዓመት ሲሞላቸው ኳሱን ወርውረው የአባባ አምባውን ደረት የሚመቱ፣ የቀረ ሰው ሲኖርም «ምን ሆነህ ነው? ተነሣ እንጂ!» ብለው የሚደውሉ እርሳቸው ሆኑ። የክሊኒኩ ነርስ ስኳራቸውን ለክታ ማሽኑ የተበላሸ መስሏት ደግማ ለካቸው። ማኅበርዎ በየዓመቱ በሚያትመው ዘገባ ላይ «የተሻሻለ የሕይወት ጥራት» የሚለው ነገር ምን እንደ ሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

እንግዲህ በዚህ መልካም ሥራ ላይ ማኅበርዎ የጨመረልንን በረከት በተራ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ስለ መቆጣጠሪያው። ባለፈው ዓመት ከመስከረም በዓላቱ በኋላ፣ መቼም በዚህ አገር ሁሉ ነገር የሚጀመረው ከበዓላቱ በኋላ ነውና፣ በስልኬ ላይ አንድ አፕሊካጽያ አስገቡልኝ። ሰው ከመጣ አረንጓዴውን፣ ከቀረ ቀዩን እጫናለሁ። ቀዩን ስጫን ምክንያት ይጠይቀኛል፤ ምክንያቶቹም ሦስት ብቻ ናቸው፦ «ታሟል»፣ «ዕረፍት ላይ ነው»፣ «ፍላጎት የለውም»። የሰው ልጅ ከእነዚህ ከሦስቱ በቀር የሚቀርበት ምክንያት በምድር ላይ እንደሌለ መርምረው የደረሱበትን ሊቃውንት ሳላደንቅ አላልፍም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ሊቃውንቱ ስላልሰሙት አይፈረድባቸውም።

በዚህ አገር ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ሦስት ለቅሶ በላይ በላዩ መጣብን። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ባያውቁም አሁን እንደሚያውቁት፣ እኛ ዘንድ ለቅሶ ሲመች የሚሄዱበት፣ ሳይመች የሚቀሩበት ጉዳይ አይደለም። ሰባቱንም ቀን ይኬዳል፣ ይቀመጣል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀር ይደረጋል። ለሰው ያልደረሰ፣ የራሱ ቀን ሲመጣ ማን ይደርስለታል? ሦስተኛው ለቅሶ በጎረቤት ከተማ፣ በነስ ጺዮና ነበር። አውቶቡስ እንዳለ ብናገርም አባባ አምባው «እግሬን ማን ወሰደው?» ብለው በትራቸውን አንሥተው ቀደሙ፤ አሥራ አራት ሰዎችም ተከተሏቸው፣ ያልቻሉት ብቻ ተሳፈሩ። ደርሶ መልሱ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በራሪ ወረቀትዎ ለአረጋውያን የሚመክረው «በቀን ሃያ ደቂቃ ቀለል ያለ እርምጃ» መሆኑን አስታውሼ፣ መጠኑን በማለፋችን በሁሉም ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ ግን ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ፤ አፕሊካጽያው ምክንያት ጠየቀኝ፣ መመለስ ነበረብኝ። አልታመሙም። ዕረፍትም አልሄዱም። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ምን ፍላጎት አለው ብዬ ሦስተኛውን መረጥኩ። ለሃያ አንድ ሰው፣ ለዘጠኝ ጠዋት፣ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ጊዜ «ፍላጎት የለውም» የሚለውን ተጫንኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ የእርስዎ ነው፣ ሞኙ እኔ ነኝ። ይህን በአደባባይ ማመን ያሳፍረኛል። ሃያ አንዱን ሰው ደጅ ያስቀረው የእኔው ጣት ስለ ሆነ፣ ስልኬን በነካሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ውሳኔው። ክረምቱ ሲያበቃ በፊርማዎ የመጣልን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «የእያንዳንዱን አባል በራሱ የመወሰን መብት ስለምናከብር፣ ፍላጎት ማጣታችሁን በአክብሮት ተቀብለን ቡድኑን ዘግተናል።» ከሃያ አንዱ ሰዎች አንዱንም እንኳ ሳይጠይቁ የሁሉንም ውሳኔ ማክበር የቻሉ መሪ ስለ መሆንዎ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን አየሁ። ነገሩን ላስረዳ ወደ ቢሮዎ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጋልያ ደግ ልጅ ናት፤ ወንበር አቅርባ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ቤሰደር፣ በለጠ፣ አስተላልፋለሁ» አለችኝ። በሁለተኛው ጊዜም ቤሰደር፣ በሦስተኛውም ቤሰደር አለችኝ። ይህን ያህል ቤሰደር፣ ማለትም «ሁሉ በሥርዓቱ ነው»፣ ባለበት ቢሮ ውስጥ የእኛ ጉዳይ ብቻ ሳይስተካከል መቅረቱ የእድላችን ነገር ሳይሆን አይቀርም።

አዳራሹን ለሌላ የሚገባው ሰው ሰጥተውት ይሆናል ብዬ አንድ ማክሰኞ ጠዋት በዚህ አገር አቆጣጠር በስምንት ሰዓት በመስኮቱ አየሁ። ማንም የለም። ወንበሮቹ ተደርድረዋል፣ ኳሶቹ በመረብ ውስጥ ናቸው፣ አየር ማቀዝቀዣውም ለባዶው ወለል ይነፍሳል። በእሑዱም በሐሙሱም እንደዚያው ነበር። ሰው የማይገባበት አዳራሽ እንደማይቆሽሽ፣ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር እንደማይሰበር፣ ያልተወረወረ ኳስም ሰው እንደማይመታ ስለ ተገነዘቡ ለጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። እኛም የጥንቃቄውን ፍሬ በእግረኛ መንገዱ ላይ እያለፍን እናይ ነበር፤ በዚያ መራመድ ጀምረን ነበርና። ሙቀቱ ሲጀምር ሃያ አንዱ አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስቱ ዘጠኝ ሆኑ። ዘጠነኛዋ እትዬ ዋጋዬ ነበሩ፤ በእጃቸው ዣንጥላ ይዘው ከፊት ይሄዱ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ትምህርቱ። ቡድኑን በዘጋችሁ በስድስተኛው ሳምንት «ብቸኝነትና የአረጋውያን ጤና» የሚል ንግግር እንድንከታተል ጋበዛችሁን። ቦታው በየቤታችን፣ በስልክ መስታወት ፊት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ነው። አባባ አምባው በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ «ልጁ ብዙ ተምሯል፤ ግን ምስኪን፣ ሰው የለውም መሰለኝ፣ ብቻውን ነው የሚያወራ» ብለው ስላዘኑለት፣ ተናጋሪው አድራሻውን ቢልክልን ሄደን ልንጠይቀው ዝግጁ መሆናችንን እንዲነግሩልኝ እለምናለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ፎቶው። ቡድኑ ከመዘጋቱ ከወራት በፊት አንድ ፎቶ አንሺ ልካችሁ ነበር። እትዬ ዋጋዬን ኳስ ይዘው ሲስቁ አነሣቸው፤ እርሳቸውም ፈረሙለት፣ ፊርማውም በእኔው ፊት ነበርና አልክድም። ቡድኑ በተዘጋ በሦስተኛው ወር ያ ፎቶ በሰፈሩ ሁሉ ተለጥፎ ወጣ። ባለሙያችሁ ለውበት ብሎ ቀለሙን አጥቦ ጥቁርና ነጭ አደረገው፤ ኳሱን ቆርጦ ጣለው፤ ዙሪያውን በወፍራም ጥቁር መስመር አጠረው፤ ከሥሩም በትልልቁ «ዋጋዬ፣ 71» ብሎ ጻፈ። ከዚያም በታች መነጽር ለሌለው ሰው በማይታይ ፊደል «ገና ጉልበት አላት! እርስዎስ?» የሚል አለበት። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ እዚህ አገር የተወለዱ ሰው ነዎት። በጥቁር መስመር የታጠረ ወረቀት ስምና ዕድሜ ይዞ በየምሰሶውና በየሕንፃው መግቢያ ሲለጠፍ መርዶ ማለት እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አባባ አምባው ለሰንበት አትክልት ሊገዙ ሲወጡ ወረቀቱን በአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አዩት። ዕብራይስጥ አያነቡም፤ የሰው ፊትና ጥቁር መስመር ግን ያነባሉ። ዘንቢላቸውን ጥለው እዚያው መቀመጫው ላይ ወድቀው «ዋጋዬ! ኧረ እህቴን! ምነው ሳይነግሩን!» ብለው ጮኹ። አውቶቡስ ትጠብቅ የነበረች አንዲት ሴት ለአንዷ ደወለች፣ ያችም ለሌላዋ። እኔም ከቤቴ የወጣሁት ቢጫ ካናቴራዬን ገልብጬ ለብሼ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሃያው የቡድኑ ሰው በሙሉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እትዬ ዋጋዬ ሕንፃ ሥር ተሰበሰብን። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም፣ ደረጃው አርባ ስምንት ነው። ሐኪም ደረጃ እንዳይወጡ የከለከላቸው ሁለት ሴቶች ከእኔ ቀድመው ደረሱ።

በሩን የከፈቱልን ሟቿ ራሳቸው ነበሩ። በእጃቸው ቢላ ይዘዋል፣ ሽንኩርት ይከትፉ ነበርና ዓይናቸው በእንባ ተሞልቷል። እኛም እንደ ቆምን ቀረን። እርሳቸው ግን ሃያ ሰው እያለቀሰ ደጃቸው ላይ ሲያዩ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? ቢላውን ጥለው «ማንን ነው? ማንን ነው ያጣነው?» ብለው ከሁላችንም በላይ ጮኹ። የመጀመሪያዋ ሴት ደግሞ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ለጥቂት ደቂቃ ያህል እትዬ ዋጋዬ ማን እንደ ሞተ ሳያውቁ ለራሳቸው አለቀሱ። ለሰንበት ከሠራዊቱ የመጣችው ሊኖይ ከመኝታ ቤት እየሮጠች ወጥታ «ማ ኮሬ? ምን ሆናችሁ? ሳብታ ሓያ፣ በሕይወት አለች፣ ይኸው ቆማለች! ዜ ራክ ፓርሶመት፣ ማስታወቂያ ነው እኮ!» ብላ በስልኳ ያነሣችውን ወረቀት ቃል በቃል ባትተረጉምልን ኖሮ፣ ድንኳን ከመትከል የሚመልሰን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሳቅን፣ ተሰዳደብን፣ ማንም ወደ ቤቱ የሚሄድ ግን ጠፋ። አባባ አምባው «ከመጣን አይቀር» ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። በዚያች ጠባብ ሳሎን ውስጥ፣ ግማሹ ሶፋ ላይ ግማሹ ወለል ላይ፣ ሃያ አንዱም ሰው እጁን አነሣ። አፕሊካጽያው ቢያየን ኖሮ ሃያ አንድ አረንጓዴ ይሆን ነበር። ከተዘጋን ወዲህ ቡድኑ አንድም ሰው ሳይጎድል የተገኘው እርስዎ እትዬ ዋጋዬን በገደሉበት ቀን ብቻ ነውና፣ ስላሰባሰቡን አመሰግናለሁ።

በሰንበት ማግሥት እሑድ ግን እትዬ ዋጋዬ አልወረዱም። ማክሰኞም አልወረዱም። ሐሙስ ወጥቼ ሳያቸው የመስኮቱ መዝጊያ እንደ ድሮው ወርዷል፣ እርሳቸውም በሰኔ ሙቀት ያንን ካፖርት ለብሰው ተቀምጠዋል። በቁም የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል እያልኩ ላጽናናቸው ስሞክር አቋረጡኝና የሚከተለውን አሉኝ፤ ቃል በቃል እንድጽፈው ስላዘዙኝ እጽፋለሁ፦ «መለቀሱንስ ወደድኩት፣ በለጠ። ይህን ያህል ሰው እንዳለኝ መች አውቅ ነበር። ግን ለሞቴ ጊዜ ሃያ ሰው መጣ፤ ለኑሮዬ ጊዜ የት ላግኛቸው? ቤታችንን ዘጉብን። ታች ብወርድ የሚጠብቀኝ ያ ወረቀት ነው፣ በሕንፃው በር ላይ፣ በማቆሚያው ላይ፣ በአዳራሹ በር ላይ ሳይቀር። እኔን አያስገቡኝም፣ ፎቶዬን በሩ ላይ ያስቆሙታል። ያንን አልፌ አልሄድም። የሰቀለኝ ሰው ይምጣና ያውርደኝ።»

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ለጥቂት መስመር ቀልዱን ልተው። ፈርቻለሁ። እኚህ ሴት ከዚያ ወንበር ለመነሣት ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ተመልሰው ለመቀመጥ የፈጀባቸው ግን ሁለት ሳምንት ነው። ወረቀቱን እኔ ራሴ ልቀደው ብዬ ነበር፣ እርሳቸው ከለከሉኝ፤ የእኔ እጅ ያበላሸውን ነገር የእኔ እጅ አያስተካክለውም፣ ልክ ናቸው። ባለፈው ሐሙስ ስኳራቸውን ለካሁላቸው፤ ሦስት መቶ አሥር ነበር። የሚሰድባቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም። እኔም አቅቶኝ መሣሪያውን ወደ ኪሴ መልሼ ወረድኩ።

የምለምንዎት ጥቂት ነው። የአዳራሹ በር እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ይከፈት፤ ባዶው ወለል ቢናፍቅዎ በሌሎቹ ቀናት ይጎበኙታል። በአፕሊካጽያው ላይ «ለቅሶ ላይ ነው» የምትል አንዲት መስመር ትጨመርልን፤ ለሌላውም ሕዝብ ትጠቅማለች፣ በዚህ አገር የሚሞተው የእኛ ሰው ብቻ አይደለምና። የእትዬ ዋጋዬን ፎቶ ደግሞ እርስዎ በገዛ እጅዎ ከሕንፃቸው በር ላይ አውርደው፣ ደረጃውን ወጥተው ይስጧቸው። ሠራተኛ አይላኩ፤ ጋልያንም አይላኩ። በእኛ ወግ መርዶ የነገረ ሰው መርዶውን ጥሎ አይሄድም፣ ገብቶ ከሐዘንተኞቹ ጋር ይቀመጣል። መርዶው ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ መቀመጡ ይበልጥ ይገባዋል።

ለዛሬ ያለኝ አቤቱታ ይኸው ነው። ለጤናችን ሲሉ ከአዳራሽ ወደ ጎዳና፣ ከጎዳና ወደ ለቅሶ፣ ከለቅሶም ወደ ደረጃ ላንቀሳቀሱን ለክቡርነትዎ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ሐኪሜ እንዳዘዘኝም ጉልበቴን ሳላጥፍ፣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ሁልጊዜም ፍላጎት የማላጣ አገልጋይዎ፣
በለጠ መኩሪያ
የጤና ባለአደራ (ካናቴራው እስኪነጠቅ ድረስ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት በስምንት ሰዓት ሃያ አንዱም ሰው፣ እኔም፣ በእትዬ ዋጋዬ ቤት እንጠብቅዎታለን። አርባ ስምንቱ ደረጃ ለልብ እንደሚጠቅም በራሪ ወረቀትዎ ሁለተኛ ገጽ ላይ ስለ ጻፉ አያስቸግርዎትም። አፕሊካጽያው በስልኬ ላይ እስከ ዛሬ ይሠራልና ስምዎን በሃያ ሁለተኛው ተራ አስገብቻለሁ። ቢመጡ አረንጓዴውን እጫናለሁ። ቢቀሩ ግን ምክንያት መምረጥ ግዴታዬ ነው። እንዳልታመሙ ጋልያ ነግራኛለች፣ እኔም ከላይ ጤናዎን አጥብቄ ተመኝቻለሁ። ከዕረፍትም ተመልሰዋል። የምትቀረውን አንዷን ምክንያት እርስዎ ያውቋታል፤ ጣቴም መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ጊዜ ተለማምዷታል።